የፊት ጎማ በአንድ ወገን ብቻ ሲበላ

«የባለሦስት እግሬ የፊት ጎማ በግራ በኩል ብቻ ያልቃል። በቀኙ በኩል ጥርሱ ገና ሙሉ ነው። አዲስ ገዛሁ፤ ሁለት ወር ሳይሞላው ያው ሆነ። የፊት ኩሽኔታ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። ቀጥ ባለ መንገድ ስሄድም መሪውን ትንሽ ወደ ቀኝ ይዤ ነው የምነዳው። አሁን ምን ላስቀይር?»

ለጊዜው ምንም አያስቀይሩ። ከጻፉልኝ ሁሉ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ነው ያስቀመጡት፤ መሪውን ወደ ቀኝ ይዘው መንዳትዎን። ጎማው በግራ ይበላል፣ እርስዎ ደግሞ ወደ ቀኝ ይመልሱታል። ሁለቱ የአንድ በሽታ ምልክቶች ናቸው፤ በሽታውን እኔ መፈለግ የምጀምረው ከኋላ ነው።

መኪና ከፊት ሁለት ጎማ ስላለው ጎማዎቹ እርስ በርስ መጣጣም አለባቸው፤ ከፊት ሁለት ጎማ ያለው ባለሦስት እግርም እንደዚያው ነው። ከፊት ያለው አንድ ጎማ ብቻ ሲሆን ግን የሚስተካከልበት ጓደኛ የለውም። ከአካሉ ጋር አብሮ ይቆማል፣ አብሮ ያዘነብላል። ከኋላ የግራው ሞላ ከደከመ ወይም የግራው ጎማ ንፋስ ከጎደለው አካሉ ወደ ግራ ይወድቃል፤ የፊት ጎማውም አናቱን ወደ ግራ ጥሎ በግራ ትከሻው፣ ማለትም በጥርሱ የግራ ጠርዝ፣ ይረግጣል። ያዘነበለ ጎማ ወዳዘነበለበት ይስባል። እርስዎ ቀጥ ብለው ለመሄድ መሪውን ወደ ቀኝ ሲይዙ፣ ጎማው እየተንከባለለ በጎኑም ይፋቃል። ያው የግራ ትከሻ በክብደትም በመፋቅም ተጎዳ ማለት ነው። ኩሽኔታ ቢቀየር ይህን የሚነካው ነገር የለም።

መጀመሪያ ጎማውን በእጅ ያንብቡት። መዳፍዎን በጥርሱ ላይ አግድም፣ ከግራ ወደ ቀኝ ከዚያም ከቀኝ ወደ ግራ ይሳቡ። ሽቦ የወጣበት ጎማ ከሆነ ግን እጅዎን አያስጠጉ። በአንዱ አቅጣጫ ለስላሳ ሆኖ በሌላው እንደ መጋዝ የሚቧጭር ከሆነ በጎኑ እየተፋቀ ነው፤ የእርስዎ እንደዚህ እንደሚሆን እገምታለሁ። መሃሉ ብቻ ካለቀ ንፋስ በዝቶበታል፤ ሁለቱም ትከሻ አልቆ መሃሉ ከቀረ አንሶታል። ዙሪያውን በማንኪያ የተጨለፈ ያህል ጎድጎድ ካለ አሞርዛተሩ (የሞላውን ንጥረት የሚያበርደው) ደክሟል ወይም የላላ ነገር አለ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጠፍጣፋ ሆኖ የተላጠ ጎማ ፍሬን ይዞት መሬት ላይ የተንሸራተተ ነው።

ቀጥሎ ቱንቢ ያስፈልግዎታል። ክር ጫፍ ላይ የታሰረ ዳዶ ይበቃል። ተሽከርካሪውን ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁሙ። ጎማዎቹ ሳይሞቁ በአምራቹ ልክ ንፋስ ይሙሏቸው፤ የኋላዎቹ ሁለቱ እኩል መሆናቸውን በመለኪያ ያረጋግጡ፤ በእግር ረግጦ መገመት አይሆንም። የንፋስ ግፊት በባር ወይም በፒኤስአይ ይለካል፤ 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ገደማ ነው፤ መለኪያው የሚያሳየው የትኛውን እንደሆነ ሳያዩ የሚሞሉ ሰዎች ብዙ ጎማ ፈጅተዋል። የሹፌሩ ወንበር ላይ ሰው ያስቀምጡ፣ መሪውን ቀጥ ያድርጉ፣ ክሩንም በፊት ጎማው ግራ በኩል ያንጠልጥሉት። ከክሩ እስከ ቸርኬው የላይኛው ጠርዝ፣ ከዚያም እስከ ታችኛው ጠርዝ ይለኩ። የላይኛው ካነሰ ጎማው ወደ ግራ አዘንብሏል።

አሁን ወደ ኋላ ይዙሩ። ከሻንሲው (አካሉን ከተሸከመው የብረት መዋቅር) ግራና ቀኝ ተመሳሳይ ቦታ ላይ ያሉ ሁለት ቡሎኖች ይምረጡና ከመሬት ያላቸውን ከፍታ ይለኩ። ሁሉም ነገር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ግራው ዝቅ ካለ ችግሩ ከኋላ ነው። አካሉ ደልዳላ ሆኖ የፊት ጎማው ብቻ ካዘነበለ ችግሩ ከፊት ነው።

ይህን መለኪያ የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። ሥራውን በጀመርኩበት ሰሞን ለአንድ ደንበኛ የፊት ኩሽኔታ ሦስት ጊዜ ቀይሬለታለሁ፤ ጎማው ግን መበላቱን አልተወም። አንድ ቀን ከኋላ ወንበሩ ሥር በግራ በኩል የነበረውን የመፍቻ ሣጥን ለሥራ እንዲመቸኝ ሳወጣው አካሉ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ሲነሳ አየሁ። ብረት የሞላው ሣጥን ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ ተቀምጦ ሞላውን አድክሞታል። ለሦስተኛው ኩሽኔታ ገንዘብ አልተቀበልኩም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ግን አስከፍዬ ነበር፤ ዛሬም ሳስታውሰው ደስ አይለኝም።

ስለዚህ ግራው ዝቅ ካለ በቅድሚያ በዚያ በኩል ሁልጊዜ የሚጫን ነገር መኖር አለመኖሩን ይዩ። ከዚያ የኋላዎቹን ሁለት ሞላዎች ያቀያይሯቸው፤ የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ። ማዘንበሉ ወደ ቀኝ ከዞረ ሞላው ነው፤ ያኔ ሁለቱንም አብረው ይቀይሩ። በግራ እንደቀረ ከሆነ የኋላውን ክንድ (ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘውን ብረት) ቦኮላ፣ ማለትም መጋጠሚያው ውስጥ ያለውን ቀለበት፣ በብረት ዘንግ እየገፉ ይፈትሹ፤ ካረጀ ክንዱ ወዲያና ወዲህ ሲል በዐይን ይታያል። ቦኮላው ያረጀ ጎማ ወደ ኋላም ሊሸሽ ስለሚችል፣ ከመሪው አንገት ሥር ቱንቢ ጥለው ከነጥቡ እስከ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እምብርት ይለኩ። ልዩነቱ ከ5 ሚሊ ሜትር ካለፈ እኔ ዝም ብዬ አላልፈውም። አንድ የኋላ ፍሬን ሳይለቅ ቢይዝም ተሽከርካሪው ወደዚያ ወገን ይጎተታል። ፍሬን ብዙ ሳይረግጡ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድተው ይቁሙና እጅዎን ወደ ሁለቱ የኋላ ፍሬን ታምቡሮች ሳይነኩ ያስጠጉ፤ አንዱ ከሌላው ይበልጥ ከጋለ አግኝተውታል።

ችግሩ ከፊት ከሆነ ሥራው ያጥራል። ፊቱን በክሪክ አንሥተው በጽኑ ይደግፉት፣ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ያነቃንቁ። ከእምብርቱ ላይ ከላላ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ክንዱም አብሮ ከተነቃነቀ ቦኮላው ወይም የመሪው ኩሽኔታ ነው። መሪውን ቀስ ብለው ግራና ቀኝ ሲያዞሩት መሃል ላይ ጎድጓዳ ውስጥ እንደገባ ቀጥ የሚል ከሆነ የመሪው ኩሽኔታ መቀመጫ ተጎድቷል። ምንም ካልላላና ጎማው አሁንም ካዘነበለ ክንዱ ጎብጧል። የጎበጠ ክንድ በመዶሻና በእሳት ቢያቃናልኝ ብለው አይሞክሩ፤ ሕይወትዎን የተሸከመ ብረት ስለሆነ በአዲስ ይተካ።

ከጥገናው በኋላ በግራ ተበልቶ ያዘቀዘቀውን ጎማ መልሰው አይግጠሙት። ቅርጹ ራሱ ወደ ግራ ስለሚስብ ጥገናው ያልሠራ ይመስልዎታል፤ በዚህ የተነሣ ትክክለኛ ሥራ ሲፈርስ አይቻለሁ። አገላብጦ መግጠምም የሚቻለው ጎኑ ላይ የመሽከርከሪያ ቀስት ከሌለ ብቻ ነው። አዲሱን ሲገጥሙ የክብሪት እንጨት በግራ፣ በመሃልና በቀኝ ጉድጓዶች ውስጥ እየነከሩ ጥልቀቱን በጥፍርዎ ምልክት ያድርጉ፤ እንጨቶቹንም ያስቀምጧቸው። 1 ሺህ ኪሎ ሜትር ሲሞላ በሌሎች ሦስት እንጨቶች እንደገና ይለኩና ከእነዚያ ጋር ያስተያዩ። ግራው አሁንም ቀድሞ ከሄደ ሁሉንም የለኩትን ቁጥር ይጻፉልኝ።