የማዕበል ጠርሙሱ ዝናብን ያውቃል?

ጥያቄ፦ የአየር ጠባይ ይተነብያል የተባለ፣ የውሃ ጠብታ ቅርጽ ያለው የመስታወት ጠርሙስ በስጦታ አግኝቼ መስኮት ሥር አስቀመጥሁት። መመሪያው ፈሳሹ ሲጠራ ብራ፣ ሲደፈርስ ዝናብ፣ ላባ የመሰለ ነጭ ነገር ሲበዛበት ማዕበል ይመጣል ይላል። ትናንት ጠዋት ጠርሙሱ ነጭ በነጭ ሆኖ ሳለ ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ። አሁን ደግሞ ነጩ ነገር ከላይ ተጣብቆ አልወርድ ብሏል። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም። እንዲያውም ሥራውን በትክክል ሠርቷል፤ ሥራው ግን መመሪያው ላይ የተጻፈው አይደለም።

ውስጡ ያለው በአልኮል የሟሟ ካምፎር (ኃይለኛ ሽታ ያለው ነጭ ነገር) ነው፤ ውሃ፣ ፖታሲየም ናይትሬትና አሞኒየም ክሎራይድም ተጨምረውበታል። ፈሳሹ ሲሞቅ ካምፎሩን ይሸከማል፤ ሲቀዘቅዝ ግን አቅም ያጥረውና ትርፉ ክሪስታል ሆኖ ይወጣል። የዝናብን መምጣት የሚጠቁሙት የአየር ግፊትና እርጥበት እንዳይገቡ አፉ ታሽጓል። ስለዚህ ከውጭ የሚደርሰው ወሬ ሙቀት ብቻ ነው። ዳርዊን የተጓዘባት የቢግል መርከብ አዛዥ የነበረው ሮበርት ፊትዝሮይ እ.ኤ.አ. በ1863 ባሳተመው መጽሐፍ ስለዚህ ዕቃ ሲጽፍ የነፋስን አቅጣጫና የአየርን ኤሌክትሪክ ያሳያል ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ተመራማሪዎች ፈትሸው ክሪስታሉን የሚለዋውጠው የሙቀት መጠን መሆኑን አሳይተዋል።

የትናንቱ ነገር ምሥጢርም እዚሁ ላይ ነው። ደመና የሌለበት ሌሊት ደመና ካለበት ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ የመስኮት መስታወት ደግሞ ቀድሞ ይበርዳል። ጠርሙስዎ እጅግ የነጣው ሰማዩ ስለጠራ ነው! ቀዝቃዛ ነፋስ ከዝናብ ቀድሞ በሚደርስበት አገር አንዳንዴ ይገጥምለታል፤ ስሙን ያተረፈለትም ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

የተጣበቀውን ለማስለቀቅ ጠርሙሱን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አቁመው ፈሳሹ እስኪጠራ ይጠብቁ። ውሃው ሲቀዘቅዝ ትንሽ ትንሽ እየጨመሩ ያሙቁት። የፈላ ውሃ መስታወቱን ይሰነጥቀዋል፤ እሳት ደግሞ ጨርሶ አያስጠጉት፣ ውስጡ አልኮል ነው። ከዚያ በፎጣ ጠቅልለው ሳይነቀንቁ ያቀዝቅዙት። ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ክሪስታሉ ትልልቅ ይሆናል፤ ቶሎ ከበረደ ደቃቅና ላባ መሳይ ይሆናል። እኔ ደቃቁን እወዳለሁ። ጸሐይ በቀጥታ የማያገኘው ቦታ ይምረጡለት። የፈሳሹ መጠን ከጎደለ ወይም የካምፎር ሽታ ከሸተተዎት ማሸጊያው አፍስሷል፤ ያን ጊዜ ጥገና አያዋጣም።

የአየሩን ሁኔታ በእርግጥ መከታተል ከፈለጉ አኔሮይድ ባሮሜትር የተባለውን የአየር ግፊት መለኪያ ይግዙ። ውስጡ አየሩ የወጣለት ስስ የብረት ሣጥን አለ፤ ግፊት ሲጨምር ይጨመቃል፣ ሲቀንስ ይነፋል። ከባሕር ጠለል አካባቢ በየ8 ሜትሩ ሽቅብ ግፊቱ 1 ሄክቶፓስካል (የግፊት መለኪያ አሃድ) ያህል ስለሚቀንስ፣ በጀርባው ባለው ብሎን በአቅራቢያዎ ያለው የአየር ጠባይ ጣቢያ ለባሕር ጠለል አስተካክሎ በሚናገረው ቁጥር ያስተካክሉት። ከፍ ያለ ቦታ የሚኖሩ ከሆነ ብሎኑ እስከዚያ መድረሱን ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ። ገጹ ላይ "ዝናብ" ወይም "ብራ" የሚሉትን ቃላት ይተዉአቸው፤ የሚነበበው መርፌው የሄደበት አቅጣጫ ነው። በምድር ወገብ ዙሪያ ግን ግፊቱ ያለ ዝናብም ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ከፍ፣ ከቀትር በኋላ 10 ሰዓት ገደማ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ የዛሬውን ከትናንት ተመሳሳይ ሰዓት ጋር ያነጻጽሩ።