ወደ ስፔን ለምትላኩ ሚስዮናውያን፦ ልጃችሁ አስተርጓሚያችሁ አይደለም

እጅ ተጭኖባችሁ፣ በመዝሙር ተሸኝታችሁ ማድሪድ ወይም ቫሌንሲያ ልትወርዱ ነው። ጥሩ። ይህን የምጽፈው «ጌታ ያውቃል» እየተባለ የሚተው ነገር ስለበዛ ነው። አንዳንዱ ቃል ይመር ይሆናል፤ ብትቀየሙኝም ግድ የለኝም፣ ብቻ ከእናንተ በፊት የመጡት የሠሩትን አትድገሙት።

1. ወረቀት

የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀታችሁን አዲስ አበባ ሳላችሁ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎ በስፔን ኤምባሲ አስረጋግጡ፤ ትርጉሙን ስፔን እውቅና የሰጠችው ቃለ መሐላ የፈጸመ ተርጓሚ ይሥራው። በገባችሁ በአንድ ወር ውስጥ አሻራ ሰጥታችሁ የነዋሪነት ካርዱን («ቲዬ» ይሉታል) ጠይቁ። ቀጠሮው «ሲታ ፕሬቪያ» ይባላል፣ በነፃ ነው የሚያዘው፤ ቀጠሮ የሚሸጥላችሁን ሰው ሽሹ። ተቀባይዋ ቤተ ክርስቲያን በመንግሥት የሃይማኖት ተቋማት መዝገብ ላይ መኖሯንና በማኅበራዊ ዋስትና የምታስመዘግባችሁ መሆኑን ሳትሳፈሩ በጽሑፍ ተቀበሉ። በወረቀት ይኸው ነው፤ ሌላውን እዚሁ ትማሩታላችሁ።

2. ስም

እዚህ ሰው ሁሉ አንድ ስምና ሁለት የቤተሰብ ስም አለው፣ አንዱ ከአባት አንዱ ከእናት። እኛ ደግሞ አባት አበበ ከበደ፣ ልጅ ዳዊት አበበ ነን። የትምህርት ቤቷ ጸሐፊ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጋ «ይህ ልጅ የእርስዎ ነው?» ትላለች። መቆጣት አያስፈልግም፤ የተተረጎመው የልደት ወረቀት ቅጂ ሁልጊዜ ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር። ወሳኙ ነገር ስሙ በፓስፖርቱ ላይ በየትኛው ሳጥን እንደተጻፈ አይቶ በሁሉም ወረቀት ያንኑ መከተል ነው። «ጸሐይ» አንዱ ላይ በአንድ ፊደል ተለይታ ከተጻፈች ፋይሉ ይቆማል። የልደት ቀንም እንደዚሁ፤ የእኛ አቆጣጠርና የእነሱ ተቀላቅሎ ልጁ በሰባት ዓመት የሚበልጥበት ወረቀት አይጠፋም።

3. ቤትና ገንዘብ

ላኪዋ ቤተ ክርስቲያን በብር ቃል ከገባችላችሁ ቃሉ ያለቀ ነው ብላችሁ አስቡ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በብር የታሰበ ድጋፍ ምን እንደሆነ አስሉት። ስምምነቱ በዩሮ ይጻፍ፣ ቢያንስ የስድስት ወሩ በእጃችሁ ሳይገባ አትነሱ።

ለቤት ኪራይ ሕጉ የአንድ ወር መያዣ ያዛል፤ አከራዩ ከዚያ በላይ እስከ ሁለት ወር ተጨማሪ ዋስትና መጠየቅ ይችላል። ቤቱ 900 ዩሮ ከሆነ የመጀመሪያውን ወር ጨምሮ እስከ 3,600 ዩሮ በአንድ ቀን ይወጣል። አከራዩ «ኖሚና» ማለትም የደመወዝ ወረቀት ይጠይቃችኋል፤ ስለሌላችሁ ተቀባይዋ ቤተ ክርስቲያን ወርኃዊ ገቢያችሁን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ትስጣችሁ። «ቤቱን አከራያለሁ፣ ፓድሮን ግን አትመዘገቡበትም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ቤቱ ቤተ መንግሥትም ቢሆን ተዉት። ፓድሮን በማዘጋጃ ቤቱ የነዋሪ መዝገብ ላይ መስፈር ነው፤ የልጅ ትምህርት ቤትም፣ የጤና ካርድም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ቋሚ ነዋሪ እስክትሆኑ በየሁለት ዓመቱ ማደስ አለባችሁ፤ ካልታደሰ ከመዝገቡ ይሰርዟችኋል።

4. ምግብ

ጤፍ አትሸከሙ፤ የጤና ምግብ መሸጫዎች ውስጥ በትንንሽ ከረጢት ይገኛል፣ ውድ ነው እንጂ። በርበሬና ሽሮ አምጡ። ቅቤና ቋንጣ ግን ወደ አውሮፓ ኅብረት ማስገባት ክልክል ነው፤ የእማማ ቅቤ ኤርፖርት ላይ ቆሻሻ ውስጥ ሲጣል ማየት ካልፈለጋችሁ እዚያው ተዉት። ጨው የሌለበት ቅቤ ገዝታችሁ በኮረሪማና በኮሰረት አንጥሩት።

5. ቋንቋው፣ የእናንተው

የመጀመሪያውን ዓመት አትስበኩ። ለላኪዎቻችሁ ሪፖርት አያምርም፣ አውቃለሁ። በቀን አራት ሰዓት ክፍል፣ ሁለት ሰዓት ከጎረቤት ጋር፤ በዘጠነኛው ወር አሥር ደቂቃ የሚወስድ ትምህርት ራሳችሁ በስፓኒሽ ጽፋችሁ ለአዋቂ ሰው አሳርሙ። መንግሥት የሚያስተዳድራቸው የቋንቋ ትምህርት ቤቶች ዋጋቸው ቀላል ነው፤ ቦታ ግን ቶሎ ስለሚሞላ ምዝገባው መቼ እንደሆነ ሳትመጡ አጣሩ።

እንግሊዝኛን መሀል አታስገቡ። ከአማርኛ በቀጥታ ስትመጡ ብዙ ነገር የሚያውቅ ሰው ናችሁ። ግሱ ባለቤቱን ይዞ ይሄዳል፤ «እናገራለሁ» እንደምንለው «አብሎ» ብቻ ይበቃል። በእንግሊዝኛ በኩል የመጣው ግን በየዓረፍተ ነገሩ «ዮ፣ ዮ፣ ዮ» («እኔ፣ እኔ፣ እኔ») ይላል። ስፓኒሽ የሚፈልጋት «ኝ»ም አለችላችሁ። መጥበቅና መላላትም አለላችሁ፤ «ገና» ሲላላና ሲጠብቅ ሌላ እንደሆነ ሁሉ፣ «ፔሮ» ላልቶ «ግን» ነው፣ «ረ»ው ጠብቆ ተንቀጥቅጦ ሲነገር «ውሻ»። ስብከት ውስጥ «ግን እግዚአብሔር» የምትሉበት ቦታ ብዙ ነውና ተጠንቀቁ።

የሚያሰናክለን «ነው» ነው። ስፓኒሽ ሁለት «ነው» አለው፦ «ኤስ» ለጠባይና ለማንነት፣ «ኤስታ» ለሁኔታና ለቦታ። እኛ «ቤት ውስጥ ነው» ስለምንል «ኤስ ኤን ካሳ» እንላለን፤ ስሕተት ነው፣ «ኤስታ» ነው የሚባለው። «ፓስተሩ ኤስታ አቡሪዶ» ፓስተሩ ሰልችቶታል ማለት ነው፤ «ኤስ አቡሪዶ» ካላችሁ ፓስተሩ አሰልቺ ሰው ነው ብላችኋል፣ ያውም በማይክሮፎን። «ፖር»ና «ፓራ»ም ሁለቱም «ለ» እየመሰሉ ዓመታት ያንከራትታሉ።

የካቶሊኩ ሚስዮናዊ፣ ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ፣ እ.ኤ.አ. በ1564 ከማድሪድ ብዙ በማትርቅ መንደር የተወለደ ነው። በ1603 ኢትዮጵያ ገብቶ አማርኛውንም ግእዙንም ተማረ፤ በ1622 ሲሞት በዐፄ ሱስንዮስ ቤት እንደ ሰው የሚታይ ሰው ነበር። ከእሱ በኋላ በ1625 የመጣው ፓትርያርኩ አልፎንሶ ሜንዴዝ ትእዛዝ ይዞ መጣ፤ በሰባት ዓመት ገደማ በአገሩ ደም ፈሶ ሱስንዮስ የተዋሕዶን ሃይማኖት መለሰ። የኢየሱሳውያኑ ሥራ ለእኛ ቁስል ነው፣ የማወድሰው ነገር የለም። ግን የሰውን ቋንቋ ተቀምጦ የተማረውና ያልተማረው አንድ እንዳልሆኑ ከእኛው ታሪክ በላይ የሚያሳይ አላውቅም።

6. ልጆች

እዚህ ላይ ቆም ልበል። የቀረውን ሁሉ ብትረሱት ይህን አትርሱ።

አሰራሩን ልንገራችሁ፣ በየቤቱ አንድ ዓይነት ነውና። ስምንት ዓመት የሆነው ልጅ መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ይገባል። እስከ ገና ዝም ይላል። ለፋሲካ እየተጫወተ ነው። ዓመት ሳይሞላው ከአባቱ ይልቅ ይናገራል፤ አባት ይደነቃል፣ ለላኪዎቹ በደብዳቤ ይጽፋል። ከዚያ ባንክ ይወስደዋል። ከዚያ ሐኪም ቤት፣ የእናቱን ሕመም እንዲያስረዳ። ከዚያ የትምህርት ቤት ስብሰባ ላይ፣ መምህሯ «የቤት ሥራ አይሠራም» ስትል ልጁ «ጎበዝ ነው እያለች ነው» ብሎ ይተረጉማል። አባት ፈገግ ብሎ ያመሰግናል።

መጨረሻው መድረክ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከአባቷ ጎን ቆማ ስለ ዝሙትና ስለ ንስሐ በትልልቅ ሰዎች ፊት በአፏ ትናገራለች። የማታውቀውን ቃል ትዘላለች፣ የሚያሳፍራትን ታለዝባለች፤ ጉባኤው የሚሰማው የእሷን ስብከት ነው። ቤት ስትገባ ደግሞ «ዝም በይ፣ ልጅ ነሽ» ትባላለች። በአሥራ ስድስት ዓመቷ «አልመጣም» ስትል የምዕራቡ ዓለም መንፈስ ገባባት ይባላል። ምንም አልገባባትም። ደክሟት ነው! አማርኛ ለእሷ የሥራ ቋንቋ ሆነ፣ ያለ ደመወዝ፣ ያለ እሑድ ዕረፍት።

ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው፦ ሐኪም ቤት ስትሄዱ አስተርጓሚ እንደሚያስፈልጋችሁ ቀጠሮ ስትይዙ ተናገሩ፣ ከሌላቸው አዋቂ ሰው ለምኑ። ለስብከት እናንተ በተሰባበረ ስፓኒሽ አምስት ደቂቃ ተናገሩ፤ ልጃችሁ ከምታሳምረው አርባ ደቂቃ ይሻላል።

ይገርማል፣ እንዲህ የምንሠራበትን አማርኛ አንመግበውም። «ግዴለም፣ ይሰማል እኮ» እንላለን። መስማት መናገር አይደለም። የእኔ ልጆች ይሰማሉ፣ አይናገሩም፤ ከዚህ በላይ አልልም።

መጥፋቱ በቅደም ተከተል ነው የሚመጣው። መጀመሪያ «እርስዎ» ይሄዳል፤ እዚህ አገር መምህሩንም ፓስተሩንም «አንተ» ነው የሚሉት። ቀጥሎ ጾታው፤ አያቱን በስልክ «አያቴ፣ እንዴት ነህ?» ይላል፣ እሷም ስቃ ታልፈዋለች፣ እናንተም ትስቃላችሁ። ከዚያ «ጠ»፣ «ቀ»፣ «ጨ» ይላላሉ፤ «ቀለም» «ከለም» ይሆናል። በመጨረሻ ከወጥ ቤት ቃል በስተቀር የሚተርፍ የለም። ዋናው የአደጋ ምልክት ግን ሌላ ነው፦ ወንድምና እህት እርስ በርስ ሲጣሉ በስፓኒሽ መጣላት ከጀመሩ ጊዜው አጭር ነው።

የሚሠራው ይህ ነው። ከበር በኋላ አማርኛ ብቻ፤ «ለነገው ይጠቅመዋል» ብላችሁ እንግሊዝኛ አትጨምሩበት። ባርሴሎና ከሆናችሁማ ልጁ ትምህርት ቤት በካታላን፣ በአካባቢው ቋንቋ፣ ይማራል፣ ሜዳ ላይ በስፓኒሽ ይጫወታል፣ እንግሊዝኛውንም እዚያው ያስተምሩታል። በስፓኒሽ ሲመልስ አትቆጡ፣ ንግግሩንም አታሹፉበት፤ ያለውን በአማርኛ አስተካክላችሁ በሉለትና ጠብቁ። አሥር ሰከንድ ዝም ማለት ከባድ ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ ይደግመዋል። «አንተ»ን ለአያቱ ሲል ያኔውኑ አርሙ፤ «ያስቃል» አትበሉ።

ፊደሉ 33 ቤት በ7 ነው፣ 231። ለአንድ ቤት ሦስት ቀን ብትሰጡ በመቶ ቀን ያልቃል። በቀን 15 ደቂቃ ከራት በኋላ ይሁን፤ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ማስቀመጥ ቅጣት ነው፣ በሦስተኛው ቅዳሜ ይቆማል። ራት እዚህ ዘጠኝና አሥር ሰዓት ላይ እንደሚበላ (በእነሱ ሰዓት) አትከተሉ፤ ልጁ ተኝቶ ነው የሚበላው፣ ፊደልማ የት ሊገባ። ማንበብ ሲጀምር በቃሉ የሚያውቀውን ስጡት፣ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» ይበቃል፤ አፉ ቀድሞ ስለሚያውቀው ዓይኑ ይከተላል።

ስልክ ላይ «ሰላም በላት» ብላችሁ ስልኩን ማቀበል ጥቅም የለውም። ሥራ ስጡት። አያቱ እንቆቅልሽ ትጠይቀው፤ «ምን አውቅልሽ» ይበላት፤ መልሱን ካላወቀ አገር ይስጣት፣ ከዚያ ለአባቱ መጥቶ በአማርኛ ይንገረው። በሳምንት አንድ እንቆቅልሽ በዓመት ሃምሳ ነው።

7. ትኬት

ትምህርት ቤት ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም መጀመሪያ (በእነሱ አቆጣጠር ከጁን እስከ ሴፕቴምበር) ይዘጋል። ለጉባኤና ለሥልጠና ከሚወጣው ላይ «የልጆች ትኬት» የምትል አንዲት መስመር በጀታችሁ ውስጥ አስገቡ። ልጁ ያለ እናንተ አንድ ወር አያቱ ቤት ይቀመጥ፤ እናንተ ካላችሁ በእናንተ በኩል ነው የሚናገረው። ከመሄዱ በፊት ካርዱ እስከሚመለስበት ቀን የሚያገለግል መሆኑን እዩ፤ እየታደሰ ከሆነ የመመለሻ ፈቃድ ሳይያዝ አይውጣ፣ አለዚያ ቦሌ ላይ ይቀራል። እዚህ በጋ ቢሆንም እዚያ ክረምት ነው፤ ጃኬትና ቦት ጫማ ያዙለት። የስፓኒሽ መጽሐፉንና ታብሌቱን ከሻንጣው አውጡ።