የመመረቂያ ጥናቴ በከሰል ላይ ይሁን ወይስ በጋዝ?

ውድ ጠያቂያችን፣ የኬሚካል ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ መሆንዎን ገልጸው፣ የመመረቂያ ጥናትዎን የማዳበሪያ ዋና ጥሬ ዕቃ የሆነውን አሞኒያን ከድንጋይ ከሰል በማምረት ላይ ቢያደርጉት ወይስ ከተፈጥሮ ጋዝ በማምረት ላይ ቢያደርጉት የተሻለ የሥራ ዕድል እንደሚያገኙ ጠይቀዋል። ከመምረጥዎ በፊት የአንድ ቶን አሞኒያን ወጪ በወረቀት ላይ እንዲያሰሉ እመክርዎታለሁ።

በጋዝ የሚሠራ ፋብሪካ ለአንድ ቶን ምርት ከ30 እስከ 40 ሚሊዮን ቢቲዩ (የሙቀት ኃይል መለኪያ) ገደማ ጋዝ ይፈጃል። ስሌቱን በ33 ብንይዘው፣ የሚሊዮን ቢቲዩ ዋጋ 3 ዶላር ሲሆን የጋዙ ወጪ 99 ዶላር ይሆናል፤ ዋጋው 10 ዶላር ሲገባ ግን 330 ይደርሳል። በ2022 የጋዝ ዋጋ ሲያሻቅብ በርካታ የአውሮፓ ፋብሪካዎች ምርት የቀነሱት ወይም ያቆሙት በዚሁ ምክንያት ነው።

የከሰል ሒሳብ ሌላ ነው። ከሰሉ ራሱ ርካሽ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከሰሉን የሚያዘጋጅ፣ ኦክስጅንን ከአየር የሚለይ፣ ከሰሉን ወደ ጋዝ የሚለውጥ፣ አመድና ሰልፈር የሚያስወግድ መሣሪያ ሁሉ መገንባት ስላለበት፣ የግንባታው ወጪ ከጋዝ ፋብሪካ እጅግ ይበልጣል፤ ትርፍና ኪሳራውንም በአብዛኛው የሚወስኑት የብድሩ ወለድና ፋብሪካው በዓመት ውስጥ ሳይቋረጥ የሚሠራበት ጊዜ ናቸው። ከሰል የሞላላት፣ ጋዝ ግን ያጠራት ቻይና አብዛኛውን አሞኒያዋን ከከሰል ታመርታለች። በካርቦን ላይ ግብር በሚጣልበት አገር ግን ሚዛኑ ወደ ጋዝ ያዘነብላል፤ ከጋዝ የሚመረት አንድ ቶን አሞኒያ 1.8 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለቅ፣ ከከሰል የሚመረተው ከ3 ቶን በላይ ይለቃል።

ለሥራ ፍለጋዎ የሚበጀው ግን ሁለቱ መንገዶች ከጥሬ ጋዙ (ከከሰሉ ወይም ከተፈጥሮ ጋዙ ከሚገኘው የሃይድሮጅንና የካርቦን ሞኖክሳይድ ድብልቅ) ዝግጅት በኋላ መመሳሰላቸው ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድን በውኃ እንፋሎት መለወጥ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ማስወገድና አሞኒያውን መሥራት በሁለቱም ዘንድ አሉ። ስለዚህ የጥናትዎን ጥያቄ «የጋዝ ዋጋና የወለድ መጠን ስንት ሲሆኑ ከሰል ያዋጣል?» ብለው ቢቀርጹት፣ ከሁለቱም ወገን አሠሪ ፊት ይዘውት መቅረብ ይችላሉ። አማካሪዎ አንዱን ብቻ ይምረጡ ካሉ ግን እኔ ወደ ጋዙ አደላለሁ፤ የዓለም አሞኒያ በብዛት የሚመረተው ከጋዝ በመሆኑና ሙያውም በነዳጅ ማጣሪያና በሜታኖል ፋብሪካ ጭምር ስለሚፈለግ ነው።

ለቃለ መጠይቅ ሲቀርቡም የፋብሪካውን ዕድሜና የጋዝ ውሉ ለስንት ዓመት እንደተፈረመ ይጠይቁ፤ የደመወዝ ጥያቄ ከዚያ በኋላ ቢመጣ ይሻላል።