ዓሣው ቅዳሜ አይምጣ

የድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈሯ እህታችን፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ግቢሽ ውስጥ 3 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ፣ 80 ሴንቲ ሜትር የሚጠልቅ የሲሚንቶ ኩሬ አሠርተሻል። ልስኑ ካለቀ ገና ሳምንቱ ነው። ቅዳሜ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው 15 ጎልድ ፊሽ ይዞልሽ ሊመጣ ነው። ውሃውን ከቧንቧ ብሞላውስ፣ ምን ተክል ልትከልበት ብለሻል። እናትሽ ደግሞ «ቢምቢ ልታራቢብን ነው» ብለው ተቆጥተዋል።

አቦ፣ ቅዳሜን እርሺው።

ይህን የምልሽ ራሴ ስለተቃጠልኩ ነው። የመጀመሪያ ኩሬዬን ያሠራሁ ጊዜ ልስኑ ሲደርቅ ያለቀ መሰለኝ። ሞላሁት፣ ሁለት ቀን ቆየሁ፣ 12 ዓሣ ለቀቅኩበት። ማታ ላይ እንደ እብድ ወዲያ ወዲህ ይወረወሩ ጀመር። ሰውነታቸው ነጭ ዝልግልግ ነገር ለበሰ። በሁለተኛው ቀን አንድም አልተረፈ። እኔ ሻጩን ስረግም ከረምኩ፤ ሰውዬው ለካ ምንም አላጠፋም። ዓሦቹን የገደላቸው የራሴ ግድግዳ ነው።

አዲስ ሲሚንቶ ውስጥ ኖራ አለ። ውሃ ሲነካው ቀስ እያለ ይሟሟና ይወጣል። የውሃው ፒኤች፣ ማለትም የኮምጣጣነቱ ወይም የኖራማነቱ መለኪያ፣ 11 እና 12 ድረስ ይወጣል። ዓሣ ደግሞ የሚስማማው ከ7 እስከ 8 ተኩል ባለው ውስጥ ነው። ግንበኞች እጃቸው ለምን እንደሚላጥ ታውቂያለሽ። ዓሣው በዚያ ውስጥ በስንጥቡ ሲተነፍስ አስቢው።

ስለዚህ መጀመሪያ ልስኑን በደንብ አጠንክሪው። ሦስት ሳምንት ያህል ቢያገኝ ጥሩ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በድሬ ፀሐይ እንዳይሰነጠቅ ጠዋትና ማታ ውሃ አርከፍክፊበት። ከዚያ አቼቶ በውሃ በጥብጠሽ ግድግዳውንና ወለሉን በብሩሽ እሺው፣ እጠቢው፣ ድፊው። ከዚያ እስከ አፉ ሙዪው። አምስት ቀን ይቀመጥ፣ ድፊው። እንደገና ሙዪው። ሦስት ጊዜ፣ ቢቻል አራት ጊዜ።

«ውሃው ከየት ይመጣል?» እንደምትዪ ይገባኛል። ኩሬሽ እስከ አፉ ሲሞላ 4,800 ሊትር ነው። በተራ በሚመጣ ውሃ አራት ጊዜ መሙላት ያማል። ሁለት ምርጫ አለሽ። አንዱ፣ ለመጠጥ ውሃ ታንከር የሚሆን ቀለም ውስጡን መቀባት ነው። ሌላው የእርሻ ኩሬ የሚነጠፍበትን ወፍራም ፕላስቲክ፣ ጂኦሜምብሬኑን፣ ሲሚንቶው ላይ ማንጠፍ ነው። ያኔ ከኖራው ጋር ጉዳይ የለሽም። እውነቱን ንገረኝ ካልሽ፣ ከመጀመሪያው ብትጠይቂኝ ኖሮ ሲሚንቶ አታሠሪ እልሽ ነበር። አሁን ግን ተሠርቷል። የምትደፊውን ውሃ አታባክኚው፤ ለአትክልት አይሆንም እንጂ ግቢ ለማጠብና አቧራ ለማስተኛት ይሆናል።

ኖራው ማለቁን በምን ታውቂያለሽ? የፒኤች ወረቀት ካገኘሽ በሱ። ካጣሽ ከገበያ አንድ ቀይ ጥቅል ጎመን ግዢ። ከትፈሽ ቀቅይው። ጭማቂው ወይን ጠጅ ይሆናል። በአንዱ ብርጭቆ የቧንቧ ውሃ፣ በሌላው የኩሬውን ውሃ አድርጊና ከጭማቂው እኩል እኩል ጠብ አድርጊባቸው። የኩሬው ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ቢጫ ከሄደ ኖራው አላለቀም። ሁለቱ ተመሳሳይ ቀለም ሲይዙ ደርሷል። ልጆቹን ጥሪያቸው፣ ይወዱታል።

አሁን ወደ እናትሽ። እናትሽ ልክ ናቸው። ድሬ ላይ ዓሣ የሌለበት የቆመ ውሃ ቀልድ አይደለም። በ2011 ክረምት በትንኝ የሚተላለፈው ቺኩንጉንያ ሲገባ ስንቱ ቤት ሙሉ ቤተሰብ ተኝቶ እንደነበር ታስታውሺያለሽ፤ መገጣጠሚያው ይዞት ደረጃ መውጣት ያቃተው ስንት ነበር። ከዚያ ደግሞ በ2014 ዝናብ በሌለበት በበጋው ወባ ተነሣ። የዚያን ጊዜዋ ትንኝ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ናት። እንደ ሌሎቹ የገጠር ረግረግ አትፈልግም። ከተማ ትወዳለች። ሮቶ፣ በርሜል፣ ለግንባታ የተጠራቀመ ውሃ ይበቃታል። ያንቺ ኩሬ ለሷ ቪላ ነው።

ግን ተመልከቺ። ትንኝ በኛ ሙቀት ከእንቁላል ተነሥታ ለመብረር ሳምንት ያህል ያስፈልጋታል። አንቺ በየአምስት ቀኑ ስትደፊ እጭ የሚባለው የትንኟ ትልም አብሮ ይደፋል። ኖራውን የሚያወጣው ሥራ ቢምቢውንም ያጠፋል። የመጨረሻውን ውሃ ሞልተሽ መድፋት ስታቆሚ ነው ጥንቃቄው። እዚያ ላይ ጥቂት ዓሣ ቶሎ መግባት አለበት። እጩን ለቅመው ይበሉታል።

ጥቂት ያልኩት በምክንያት ነው። የዓሣ ሽንትና ኩስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ መርዝ ነው። አዲስ ኩሬ ውስጥ ይህን የሚበላ ባክቴሪያ የለም። ባክቴሪያው አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ከዚያ ወደ ናይትሬት ይቀይራል፤ የመጨረሻውን ተክል ይመገበዋል። ይህ ሰንሰለት እስኪደራጅ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል። በኛ ከተማ ደግሞ አንድ ክፋት አለው። ውሃው ሲሞቅና ፒኤቹ ከፍ ሲል አሞኒያው ይበልጥ ይመርዛል። የኛ ውሃ ሁለቱም አለበት። ማንቆርቆሪያሽ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር አይተሽ የለ? ከኖራ ድንጋይ ሥር የሚወጣ ውሃ ነው። ዓሣውን በራሱ አይጎዳውም፤ ፒኤቹ እንዳይዋዥቅም ይረዳል። ግን አሞኒያ ሲጨመርበት ይቅር አይልም። ስለዚህ መጀመሪያ አራት አምስት ዓሣ። ከወር በኋላ አምስት ጨምሪ። 15ቱ አንድ ላይ ከገቡ 15ቱም አንድ ላይ ይሄዳሉ።

ቆሮሶ፣ ቲላፒያ የሚሉትን ዓሣ፣ የሚመክርሽ ይኖራል። ጠንካራ ነው፣ እጭም ይበላል፣ ግን በሙቀት እንደ ጉድ ይራባል። በዓመት ውስጥ ኩሬሽ ጫጩት ዓሣ ብቻ ይሆናል። አምባዛማ ጎልድ ፊሽሽን ቁርስ ያደርጋቸዋል።

የቧንቧ ውሃን ጠይቀሻል። ክሎሪን አለበት። ክፍት ሆኖ ፀሐይና አየር አንድ ሁለት ቀን ሲያገኘው ይተናል። ስለዚህ የመጀመሪያው አሞላል ላይ ችግር የለም። ችግሩ በኋላ ነው። ድሬ ላይ ውሃ በየቀኑ ይተናል፤ ትሞያለሽ። አንድ ቀን ሌሊት ውሃ መጣ፣ እንደ ደንቡ ሁላችንም ተነሣን። ጎማውን ኩሬው ውስጥ ከትቼ በርሜሎቹን ልሞላ ሄድኩ። እንቅልፍ ወሰደኝ። ጠዋት ኩሬው ሞልቶ ግቢውን አጥለቅልቋል፣ ስምንት ዓሣ ተንሳፍፏል። ከዚያ በኋላ መሙያ ውሃዬ አንድ ቀን ክፍት በርሜል ውስጥ ሳያድር ኩሬ አይነካም። በትንሽ በትንሹ ሙዪ፣ ከኩሬው አሥር እጅ አንዱን ሳያልፍ። ደግሞ የሚተነው ውሃው እንጂ ጨዉ አይደለም። ስለዚህ አልፎ አልፎ አንድ አምስተኛውን ቅጂና ለሎሚሽ ወይም ለፓፓያሽ አጠጪው። ከማዳበሪያ አያንስም።

ተክል። ከሁሉ በፊት እምቦጭን አታስገቢ። አበባው ያምራል፣ ስጦታ ነው ብሎ የሚሰጥሽም አይጠፋም። ጣናን ምን እንዳደረገው ሰምተሻል። ተንሳፋፊ ክብ ቅጠል ያለው የውሃ ሊሊ ይሻልሻል። የኩሬውን ፊት ግማሽ ያህል ቢሸፍን ውሃው አይግልም፣ አረንጓዴም አይሆንም። ዳር ዳሩን ደንገል። ፊላም ይሆናል፣ ግን ሥሩ ስለሚሮጥ በባልዲ ውስጥ እሰሪው። ሁሉንም በማሰሮ ወይም በተቆረጠ ጀሪካን ትከያቸው። አፈሩ የግቢ ሸክላማ አፈር ይሁን። ፍግ አታድርጊበት፤ ፍግ ያደረግሽ ቀን ኩሬሽ የጎመን ሾርባ ሆነ ማለት ነው። ላዩን ጠጠር አልብሺው፣ ዓሦቹ እንዳይቆፍሩት። ተክሉን ኖራው ካለቀ በኋላ ወዲያው አስገቢ፤ ከዓሣው ቀደም ቢል ይመረጣል።

ከወንዝ ወይም ከሐይቅ ዳር ነቅለሽ ካመጣሽ ግን ቀጥታ አትክተቺው። ቀንድ አውጣ ይዞ ይመጣል፤ አንዳንዱ ቢልሃርዚያ ያስተላልፋል። ሁለት ሳምንት በሌላ ባልዲ ይቆይ፣ ቅጠሉን ከሥሩ ገልብጠሽ እይ፣ እንደ ጄል የተለጠፈ እንቁላል ካለ አራግፊ። ያንን ባልዲም በየሳምንቱ ድፊውና ቀይሪው፤ እሱም ለቢምቢ ውሃ ነው።

ኩሬው ከኒም ሥር ከሆነ በወንፊት ሸፍኚው። ቅጠሉ ሲበዛ ለዓሣ አይሆንም። የድሬዳዋ ዛፍ ከሆነማ ቀይ አበባው ሲረግፍ ለፎቶ ግሩም ነው፤ ማታ ግን ልቀሚው፣ ሲበሰብስ አየሩን ይጨርሰዋል። ሙቅ ውሃ መጀመሪያውንም አየር አይዝም። ሊነጋ ሲል ደግሞ ከሁሉ ያነሰ ነው፤ ሌሊት ተክሉም ይተነፍሳል። ንጋት ላይ ዓሦቹ አፋቸውን ወደ ላይ ካደረጉ አየር አጥሯቸዋል። ፓምፕ ካለሽ ሌሊት አታጥፊው። መብራት ሲጠፋ በባልዲ እየቀዳሽ ከፍ አድርገሽ መልሰሽ አፍስሺው። ባትሪ የሌለው የሶላር ፏፏቴ ሲሸጡልሽ ግን ጠይቂ፤ ቀን ይሠራል፣ በሚፈለግበት ሌሊት ይተኛል።

ምግብ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ብቻ። እንጀራ የሚወረውር እንግዳ አይጠፋም፣ ከልክዪው። የኩሬውን አፍ ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጊ፣ የድሬ ዝናብ ሲመጣ የግቢውን ሁሉ ጠራርጎ እንዳያስገባብሽ። ዳዴ የሚል ልጅ ቤት ካለ ደግሞ ዛሬውኑ የብረት መረብ ከላይ አስበይጂ። ለዚህ ነገር ነገ የለም።

ሰውዬውን አሁን ደውይለት። ገንዘብ ከፍለሽ ከሆነ በሁለት ወሩ አካባቢ አምስት ብቻ ያምጣልሽ። እምቢ ካለና ዓሣው ቅዳሜ በግድ ከመጣ፣ ሁለት ትልልቅ በርሜል ጥላ ውስጥ አስቀምጪ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሞልተሽ ክፍት አሳድሪያቸው። ከረጢቱን ሳትፈቺ 20 ደቂቃ ውሃው ላይ አንሳፍፊው፣ ከበርሜሉ ውሃ ትንሽ ትንሽ ጨምሪበት፣ ከዚያ ዓሣዎቹን ልቀቂ። በየቀኑ ሩቡን ውሃ ባደረ ውሃ ቀይሪ። አምስቱን ለራስሽ አስቀሪና የቀሩትን ለጎረቤት አከፋፍዪ፤ ሮቶው ክዳን የሌለው ጎረቤት ካለሽ ከሱ ጀምሪ።