የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ «የቱ ጋ ነው የሚለው?»

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ሦስቱ ሳይመካከሩ አንድ ነገር ጠይቀዋል። ሁለቱ ከደሴ፣ አንዱ ከኮምቦልቻ ነው። አንድ ላይ መለስኳቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ውስጥ አሥረኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ አፍ አላቸው፣ ክርክር ላይማ አይቻሉም። ምንባብ አንብበው «ባለታሪኳ ምን ዓይነት ሰው ናት?» ስላቸው ግን «ጥሩ ሰው ናት» ብለው ይጽፉና አለቀ። ማስረጃ ጥቀሱ ስላቸው ደግሞ ግማሽ ገጽ ገልብጠው ያመጡልኛል። ክፍሉ ከስልሳ በላይ ልጅ አለው፣ መጽሐፉም ለሁሉም አይዳረስም። ምን ላድርግ?
መምህርት ነኝ፣ ከሸዋ በር

መልስ፦ መምህርት፣ አይዞዎት። ግማሽ ገጽ የሚገለብጡት ልጆች ምንም ከማይጠቅሱት ይሻላሉ። ቢያንስ መልሱ ምንባቡ ውስጥ እንዳለ ገብቷቸዋል።

«ማስረጃ ጥቀሱ» የሚለው ትእዛዝ ለልጅ ብዙም አይነግረውም። ምን ያህል? ከየት? ለምን? አያውቅም፤ ስለዚህ የመሰለውን ያህል ይገለብጥና ነጥቡን ይጠብቃል። በዚህ ፋንታ አንድ አጭር ጥያቄ ይልመዱ፦ «የቱ ጋ ነው የሚለው?» ልጁ «ጥሩ ሰው ናት» ሲል አይቆጡት፣ አያርሙትም። «የቱ ጋ?» ብቻ ይበሉት። ጣቱን መስመሩ ላይ ያሳርፍ። ማሳረፊያ ካጣ ራሱ ይስቃል፣ ወይ ይከራከራል፣ ሁለቱም ጥሩ ነው። ትንሽ ሲቆይ እርስ በርሳቸው «የቱ ጋ?» መባባል ይጀምራሉ፤ ያኔ እርስዎ ትንሽ ያርፋሉ።

የመጽሐፉ ነገር ያን ያህል አያሳስብዎት። ለዚህ ትምህርት ረጅም ምንባብ እንዲያውም ይጎዳል። አምስት ስድስት መስመር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይጻፉ፣ መስመሮቹን ቁጥር ይስጧቸው። ስለ መጀመሪያ ጊዜው እንዳይጨነቁ ይችን ጽፌልዎታለሁ። ታሪኩን ኮምቦልቻ አድርጉት፦

1. ሀሊማ ከፋብሪካው በር ወጥታ ደመወዟን ሁለት ጊዜ ቆጠረች።
2. ብሩን መሐረቧ ጥግ ላይ ቋጠረችና በጣቷ ዳሰሰችው።
3. ጓደኞቿ ሻይ እንጠጣ ሲሏት «እኔ ጠጥቻለሁ» አለች።
4. ከጠዋት ጀምሮ እህል ውሃ አልቀመሰችም ነበር።
5. ወደ ቤቷ ስትሄድ አንድ ሱቅ ገብታ የወንድ ልጅ ጫማ ዋጋ ጠየቀች።
6. ዋጋውን ስትሰማ ቋጠሮውን ዳሰሰችና ዝም ብላ ወጣች።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይጻፉ። መጀመሪያ ሦስቱን ብቻ ይጻፉና «ሀሊማ ምን ዓይነት ሰው ናት?» ይበሉ። «ቋጣሪ ናት!» የሚል አይጠፋም። የቱ ጋ? መስመር 1፣ መስመር 2፣ መስመር 3። ልጁ ትክክል ነው፣ እስካሁን ያየው ያንን ነው፣ ማስረጃም አለው። ያመስግኑት።

ከዚያ አራተኛውን ይጻፉ። እዚህ ጋ ክፍሉ መንጫጨት አለበት። ዋሽታለች ማለት ነው! ሻይ አልጠጣችም። ታዲያ ለምን ዋሸች? ከኋላ ወንበር አንዱ ተነስቶ «ቲቸር፣ ጾመኛ ናታ!» ይላል። ደሴ ውስጥ ይህን የሚል ልጅ ከጠፋ ነው የሚገርመኝ።

እዚህ ላይ አይቸኩሉ፣ የትምህርቱ ቅቤ ያለው እዚህ ነው። «አይደለም፣ ተሳስተሃል» ካሉት ልጁ ሁለተኛ አፉን አይከፍትም፤ «ጎበዝ» ብለው ካለፉት ደግሞ የፈለገውን ሁሉ ምንባብ ላይ መጫን ይለምዳል። ያንኑ ይጠይቁት፦ የቱ ጋ ነው ጾመኛ ናት የሚለው? «ስሟ ሀሊማ ነው» ይላል። ይሄ ለወሎ ልጅ አይበቃም፤ አባት መሐመድ፣ ልጅ ገብሬ የሚባልበት አገር ላይ ስም ብቻውን ማንንም አያስጾምም። «እሺ፣ አራተኛው መስመር እህል ውሃ አልቀመሰችም ይላል» ይላል። ይሄ ደህና ነው፣ ከመስመር ተነሳ። አሁን ወደ ሦስተኛው ይመልሱት። ጾመኛ ሰው ሻይ ሲጋብዙት ምን ይላል? «ጾመኛ ነኝ» ይላል፣ አለቀ፣ የሚደበቅ ነገር የለውም፣ ጋባዡም ይቅርታ ይጠይቃል። ሀሊማ ግን «ጠጥቻለሁ» ነው ያለችው። እንግዲህ ጾም ሊሆን ይችላል የሚለው ሐሳብ አልሞተም፣ ግን ምንባቡ ውስጥ የሚደግፈው ትንሽ ነው፣ የሚገፋው ይበልጣል። ልጁ ከቤቱ ይዞት የመጣውን እውቀት ከምንባቡ ጋር ማመዛዘን የተማረው በዚህች ቅጽበት ነው። ይህን በትርጓሜ አስጽፈው አያስተምሩትም።

አምስተኛውና ስድስተኛው ሲጻፉ «ቋጣሪ» ያለው ልጅ ራሱ ይመለሳል። አንድ ወጥመድ ግን አለ። ብዙዎቹ «ለልጇ ጫማ ልትገዛ ፈልጋ ነው» ብለው ይጽፋሉ። የቱ ጋ ነው ልጇ የሚለው? «የወንድ ልጅ ጫማ» ነው የሚለው። ወንድሟ ሊሆን ይችላል፣ የእህቷ ልጅ ሊሆን ይችላል። ልጆቹ «አይ ቲቸር፣ ያው ነው» ብለው ያጉረመርማሉ። ያው አይደለም፣ አይልቀቁላቸው። «ነው»፣ «ይመስላል» እና «ሊሆን ይችላል» የሚባሉት ቃላት ቦታ ቦታቸውን የሚይዙት እንዲህ ሲታሽ ነው።

አሁን ወደ መጻፉ። ሁለት መልስ ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ ያስቀምጡ። አንደኛው ይህ ነው፦

«ሀሊማ ለሰው የምታስብ ናት። ምክንያቱም ምንባቡ ‹የወንድ ልጅ ጫማ ዋጋ ጠየቀች› ይላል።»

ሁለተኛው ደግሞ፦

«ሀሊማ ከራሷ ይልቅ ለሌላ ሰው የምትቆጥብ ትመስላለች። ‹እህል ውሃ አልቀመሰችም ነበር› ተብሏል፤ በኪሷ ግን ብር አለ። ያንን ብር ይዛ የገባችው ምግብ ቤት ሳይሆን ሱቅ ነው፣ የጠየቀችውም የራሷን ሳይሆን ‹የወንድ ልጅ ጫማ› ነው። ‹ጠጥቻለሁ› ብላ መዋሸቷም ችግሯን ጓደኞቿ እንዳያውቁባት መፈለጓን ያሳያል።»

ሁለተኛው ላይ አንዲት ስህተት ሆን ብዬ አስገብቻለሁ፤ «በኪሷ» ይላል፣ ምንባቡ ግን መሐረብ ነው የሚለው። የሚያገኛት ልጅ ካለ እሱ በደንብ እያነበበ ነው።

የመጀመሪያው መልስ ጥቅስ አለው፣ ትእምርተ ጥቅሱም ቦታው ላይ ነው፣ ግን ምስክር ጠርቶ አንድ ቃል ሳያናግሩ እንደ ማሰናበት ነው። ልጆቻችን የሚጎድላቸው ጥቅሱ ራሱ ይመስለናል። እኔ እንደሚመስለኝ ግን የሚጎድላቸው ከጥቅሱ በኋላ የሚመጣው ዓረፍተ ነገር ነው፣ «ይህ የሚያሳየው እንዲህ ነው፣ ምክንያቱም...» የሚለው። ስለዚህ ግማሽ ገጽ ለሚገለብጡት አንድ ሕግ ያውጡ፦ ጥቅስ ከስድስት ቃል አይበልጥም፣ ከጥቅሱ በኋላ የራስህ ማብራሪያ ከጥቅሱ መርዘም አለበት። ስድስት ቃል ብቻ ሲፈቀድለት ልጁ የትኛውን ልውሰድ ብሎ መምረጥ ግድ ይሆንበታል።

ስልሳ ደብተር ማረም የሚለውን አውቃለሁ፣ የሚያደክም ነው። ሁሉንም አያርሙ። ደብተር ይቀያየሩ፤ ጓደኛው ከምንባቡ የተወሰዱትን ቃላት በእርሳስ ያስምርባቸው፣ እርስዎ ደግሞ ከመስመሩ ቀጥሎ ያለውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ያንብቡ። ሌላው ሌላ ቀን ይደርሳል። አንድ ልመና ደግሞ አለኝ፦ «ደራሲው ሊያስተላልፍ የፈለገው መልእክት» የምትለዋን ሐረግ ቢያንስ ለአንድ ሴሚስተር ያግዱልኝ። በእሷ ሥር ተደብቆ ያላነበበ ልጅ ስንቱ ነው!

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ናት። የታሪክ አሳይመንት ላይ ስለ ደሴ ድብደባ ጻፈች። መምህሯ «ጣሊያን ደሴን የደበደበው ሕዝቡን ለማሸበር ነው» የሚለው ላይ በቀይ «ማስረጃ?» ብሎ ጻፈና ነጥብ ቀነሰባት። ቀኑንም ዓመተ ምሕረቱንም አስቀምጣለች። ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው፣ አያቴ እንኳ በዓይኗ ያየችውን ስትነግረን ነው ያደግነው። ይህ ምን ማስረጃ ያሻዋል?
አባት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ነጥቡ ውስጥ አልገባም፣ እሱን ከመምህሩ ጋር ተነጋገሩ። ጥያቄው ግን የሚገባ ነው።

ደሴ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. በጣሊያን አውሮፕላኖች መደብደቧ የታወቀ ነው፣ ማንም ማስረጃ አይጠይቃትም። «ለማሸበር ነው» የምትለዋ ቃል ግን ሌላ ጉዳይ ናት። እሷ ስለ ደብዳቢው ሐሳብ ነው የምታወራው፣ ሐሳብ ደግሞ በዓይን አይታይም። አንድ የክፍል ጓደኛዋ ተነስቶ «አይ፣ የፈለጉት ንጉሡን ነበር» ቢላት ምን ትለዋለች? እሱም እኮ ባዶ እጁን አይደለም፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚያን ጊዜ ደሴ ነበሩ፣ የጦር ሰፈራቸውን እዚያ አድርገው ነበር፣ በድብደባውም ቀን ራሳቸው መትረየስ ይዘው ሲተኩሱ ፎቶ ተነስተዋል።

ልጅዎ እንግዲህ የራሷን ወገን መያዝ ትችላለች። ቀይ መስቀል የተውለበለበበት ሆስፒታል ተመትቷል፣ የከተማው ቤቶች ተቃጥለዋል፣ ኢትዮጵያም ለመንግሥታት ማኅበር አቤት ብላለች። ይህን አንስታ «የጦር ሰፈር ብቻ ቢፈለግ ኖሮ ሆስፒታሉ ምን አደረገ?» ብትል ክርክሯ እግር ይኖረዋል። ወይም ደግሞ ሁለቱም ዓላማ ነበር ልትል ትችላለች፣ እሱም ያስኬዳል፣ እያንዳንዱን ማስረጃ ካስያዘችው።

የአያትዎ ነገር፦ እሱም ማስረጃ ነው፣ እንዳይጥሉት። «ቅድመ አያቴ እንዳየችው» ብላ በግልጽ ትጻፍ። አያትዎ የትኛው ሰፈር ሲቃጠል እንዳዩ፣ ሰው ወዴት እንደሸሸ መናገር ይችላሉ፤ አብራሪው ምን አስቦ እንደመጣ ግን እሳቸውም አላዩም። ያንን ለማለት ሌላ ሰነድ ያስፈልጋል።

ከቴሌግራም የተገለበጠ ከሆነ ደግሞ (አላሉም፣ ግን ልጠይቅ) ማን እንደጻፈው የማይታወቅ ጽሑፍ «የቱ ጋ?» ሲባል የሚያሳርፉበት መስመር የለውም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አሥራ ሁለተኛ ነኝ። ማትሪክ ምርጫ ነው፣ ማጥቆር ብቻ ነው። ስለ ማስረጃ አንቀጽ መጻፍ ምን ያደርግልኛል? ጊዜዬን ይበላል።
ተማሪ፣ ደሴ፣ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር

መልስ፦ ምርጫ መሆኑ እውነት ነው። ግን እንግሊዝኛውም አፕቲትዩዱም ምንባብ አለው፣ ብዙ ጎበዝ ተማሪ የሚወድቀውም ባላወቀው ሳይሆን ከምንባቡ ውጭ ባወቀው ነው። ምንባቡ «ቦርከና ክረምት ሲገባ ይሞላል፣ ገበሬውም ከብቱን ያርቃል» ይበል እንበል። አንዱ ምርጫ «ቦርከና በኮምቦልቻ ያልፋል» ይላል። እውነት ነው፣ አንተም በዓይንህ አይተኸዋል፣ እጅህ ሊያጠቁረው ይሮጣል። ምንባቡ ግን ስለ ኮምቦልቻ አንድ ቃል አልተነፈሰም። መልሱ «ክረምት ላይ በወንዙ ዳር ከብት ማሰማራት ያሰጋል» የሚለው ነው፤ ቃሉ በቀጥታ ባይኖርም «ያርቃል» ከሚለው ይወጣል።

አንቀጽ መጻፉ ከሰለቸህ አትጻፍ። የልምምድ ፈተና ስትሠራ ግን ከመረጥከው ፊደል ጎን መልሱን ያገኘህበትን መስመር ቁጥር በእርሳስ አስፍር። ስታርም የተሳሳትክባቸውን ብቻ ሳይሆን ቁጥር ያልጻፍክባቸውንም እይ፤ በግምት ያገኘሃቸው እነሱ ናቸው፣ የፈተናው ቀን ላይገኙልህ ይችላሉ።