ለሙከራ «እሺ» ከማለታችሁ በፊት፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለቀረቡ ጥያቄዎች መልስ

ነርስ ነኝ፤ ቢዝነስ ላይ ያሉ፣ ማለትም በወሲብ ሥራ የሚተዳደሩ እህቶችን አማክራለሁ። «የኤች አይ ቪ መከላከያ ምርምር ቢመጣ ትገቢያለሽ?» ስላቸው ብዙዎቹ እሺም እምቢም አይሉኝም፤ መልሰው ይጠይቁኛል። ማን እንደጠየቀ አልናገርም፣ ጥያቄው ግን እንዳለ ነው።

ሲስተር፣ ሁሌ እኛ ላይ ለምን ይሞከራል? የሙከራ አይጥ ነን?

መድኃኒቱ መከላከሉ የሚታወቀው ለቫይረሱ በሚጋለጥ ሰው ላይ ነው። እዚያ ከመድረሱ በፊት በእንስሳት፣ ቀጥሎም በጥቂት ጤነኛ ፈቃደኞች ላይ ደህንነቱ ይታያል። እንደዚያም ሆኖ ፍርሃታችሁ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ኖኖክሲኖል-9 የተባለው ጄል በአፍሪካና በታይላንድ ሴተኛ አዳሪዎች ላይ ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ውጤቱ ሲነገር አዘውትረው የተጠቀሙትን ጭራሽ ለቫይረሱ ይበልጥ አጋልጦ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ የካምቦዲያ ሴተኛ አዳሪዎች «ብንጎዳ ማን ያሳክመናል?» ብለው የረጅም ጊዜ የጤና ዋስትና ጠየቁ፤ የአገሪቱ መንግሥትም ጥናቱን ሳይጀመር አስቆመው። ያ መድኃኒት ቴኖፎቪር ነበር፤ ዛሬ ቫይረሱ እንዳይዛችሁ አስቀድማችሁ እንድትወስዱት ፕሬፕ ብለን በምንሰጣችሁ ኪኒን ውስጥ አለ። መድኃኒቱ ጥሩ መሆኑ በኋላ ታወቀ ተብሎ ሴቶቹ ተሳስተዋል አይባልም። የጠየቁት የሚገባቸውን ነው።

ክትባቱ ራሱ ቫይረሱን ቢያስይዘኝስ? ዓረብ አገር ልሄድ እያሰብኩ ነው።

አብሽሪ፣ አያስይዝም፤ የሚሞከሩት ክትባቶች ሕያው ኤች አይ ቪ የለባቸውም። የዓረብ አገሩን ማንሳትሽ ግን ጎበዝ! አንዳንድ የሙከራ ክትባት ሰውነትሽ ቫይረሱን የሚዋጋ ፀረ እንግዳ አካል እንዲሠራ ያደርጋል፤ ተራው ፈጣን ምርመራ ደግሞ የሚፈልገው ያንኑ ነው። ስለዚህ ቫይረሱ ሳይኖርብሽ «ፖዘቲቭ» ሊልሽ ይችላል። ሜዲካል ላይ እንዲህ ቢወጣ ጉዞሽ ቀረ ማለት ነው። ከመፈረምሽ በፊት፣ ቫይረሱን ራሱን የሚያይ ምርመራና የምስክር ደብዳቤ ይሰጡሽ እንደሆነ፣ ጥናቱ ካለቀ በኋላም የት እንደምታገኚያቸው አጥብቀሽ ጠይቂ። ከወሎ ስንት ልጅ በዚህ መንገድ እንደምትሄድ ለምናውቅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ኪኒንና የፕሬፕ መርፌ ላይ ግን ይህ ችግር የለም።

ስሜ ይወጣል?

በደንብ በተያዘ ጥናት መዝገቡ ላይ የሚጻፈው መለያ ቁጥር ነው፤ ስምሽ ያለበት ወረቀት ለብቻው ይቆለፋል። እኔን የሚያሳስበኝ ወረቀቱ ሳይሆን በሩ ነው። ደሴ ፒያሳ ላይ አንድ በር ደጋግመሽ ከገባሽ የሚያይሽ አታጪም። አንዷ የማማክራት ልጅ የፕሬፕ ብልቃጧ ውስጥ ጥጥ ትጠቀጥቅበታለች፤ ቦርሳዋ ውስጥ ሲንኳኳ የሰማ ደንበኛ «መድኃኒት ጀምራለች» እንዳይል። እና ጠይቂ፦ መግቢያው በየት ነው? ስልክ ሲደውሉ ከየት ነው ይላሉ? ሌላ ሰው ቢያነሳውስ?

የኮምቦልቻ ሹፌር ነኝ። እኛ ወንዶች ላይ ለምን አይሞከርም?

ተሞክሯል ወንድሜ። ግርዛት የወንዱን የመያዝ ዕድል እንደሚቀንስ የተረጋገጠው በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያና በኡጋንዳ ወንዶች ላይ ነው። የጅቡቲ መስመር ሹፌር ኮንዶም ለመያዝ ግን ምርምር አይጠብቅም።

የቤቷ ባለቤት «ሁላችሁም ግቡ፣ ብር አለው» ብላናለች።

እሷ ስለ እናንተ መፈረም አትችልም። የሚከፈለው ለትራንስፖርትና ለባከነ ጊዜ ነው፤ ልኩንም የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያየዋል። ከብሩ የምትቆርጥ ከሆነ ወይም ካስገደደቻችሁ ለአጥኚዎቹ ለብቻ ንገሯቸው። ፈርማችሁም ቢሆን በማንኛውም ቀን መውጣት ትችላላችሁ፤ ስለወጣችሁ ኮንዶምም ምርመራም አይከለከልም።

ግማሹ ሰው ውሃ ነው የሚወጋው አሉ።

ዱሮ ባዶ መድኃኒት ብቻ የሚሰጠው ቡድን ነበር። አሁን የሚሠራ ኪኒን እያለ ሰውን ባዶውን መተው ነውር ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ውጤቱ የተነገረው፣ ሌናካፓቪር የተባለው የመከላከያ መርፌ ጥናት በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ ከ16 እስከ 25 ዓመት ባሉ ሴቶች ላይ ነው የተካሄደው። በዓመት ሁለቴ እውነተኛውን መርፌ ከተወጉት 2,134 ሴቶች አንዷም አልተያዘችም። ባዶ መርፌ የተወጉትም በእጃቸው እውነተኛ ኪኒን ነበር። ከእነሱ 55 ተይዘዋል፤ አብዛኞቹ ኪኒኑን በየቀኑ ስላልዋጡት ነው። በየቀኑ መዋጥ ቀላል እንዳልሆነ ከእናንተ በላይ ማን ያውቃል?

ጥናቱ ሲያልቅስ?

ይህን ሳትጠይቁ አትፈርሙ። ለረጅም ጊዜ የሚሠራ መርፌ ሲቋረጥ መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወጣው ቀስ እያለ ነው። በዚያ መሀል ሌላ መከላከያ ካልተያዘ፣ መጠኑ ቫይረሱን ለመከልከል ያንሳል፤ ያኔ ቫይረሱ ቢይዛችሁ መድኃኒቱን ሊላመድ ይችላል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ቀጠሮ የነበረው ሁሉ ተበትኗል። ስለዚህ «መንገድ ቢዘጋ ቀጣዩን መርፌ የት እወጋለሁ? እስከዚያ ኪኒን በእጄ ትሰጡኛላችሁ? ጥናቱ ካለቀ በኋላ መድኃኒቱ የሚሠራ ሆኖ ቢገኝ ለእኔ እስከ መቼ ይቀርባል?» በሉ። መልሱ በቃል ብቻ ሳይሆን በምትፈርሙት ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ማንበብ የማትችል ካለች የምታምነውን ሰው ይዛ ትግባና ያንብብላት።