ለዛገ ቸርኬ ቀለም ብቻ አይበቃም

ክረምቱ ወጥቶ መኪናው ሲታጠብ የቸርኬው፣ ማለትም ጎማው የሚገጠምበት ክብ ብረት፣ ዝገት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለዚህም ይመስለኛል ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ስለዚሁ የሆኑት።

«ከአፍዴራ ጨው የሚጭን አይሱዙ አለኝ። ቸርኬዎቹን አምና ቀባኋቸው፤ ስድስት ወር ሳይሞላ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ተላጠ። ቀለሙ ነው ጥፋተኛው?» ከሎግያ

ቀለሙ አይመስለኝም፤ ጨው ነው። በዝገቱ ጉድጓድ ውስጥ የቀረ ጨው ከላዩ ቀለም ቢደፋበትም እርጥበት እየሳበ ብረቱን ከሥር መብላቱን አይተውም። ስለዚህ ሥራውን የምትጀምሩት በብርጭቆ ወረቀት ሳይሆን በውሃ ነው። ቸርኬውን አውርዱና በሳሙናና በብዙ ንጹህ ውሃ እጠቡት። የኋላ ጥንድ ጎማዎች የሚተያዩበትን ጎን አትርሱ፤ ጨው የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ሲደርቅ ቅባቱን በቲነር በራሰ ጨርቅ አንሱ። ከዚያ የሽቦ ብሩሽ፣ ቀጥሎ 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ በመጨረሻ 180። የአሮጌው ቀለም ጠርዝ ለጣት እስከማይሰማ ድረስ ፈግፍጉት። የተገለጠ ብረት አይደር፤ በዚያው ቀን አንቲረስት (ዝገት መከላከያ ቀለም) ይቀባ። በእናንተ አገር ሙቀት ደግሞ ማለዳ ብትቀቡ ይሻላል። ፀሐይ ያጋለው ብረት ላይ የተረጨ ቀለም በደንብ ሳይያያዝ ይደርቃል። ስስ ስስ አድርጎ ሁለት ሦስት እጅ መቀባት ከአንድ ወፍራም ይበልጣል።

«ጎማውን ከቸርኬው ሳላስለቅቅ መቀባት እችላለሁ?» ከአዳማ

ይቻላል። የመጫወቻ ካርታ በጎማውና በቸርኬው ጠርዝ መካከል ዙሪያውን ሰካኩበት፤ ቀለሙ ጎማው ላይ አይደርስም። ቫልቩንም በፕላስተር ሸፍኑ። ነገር ግን ጎማ ያለበትን ቸርኬ አሮጌ ቀለም ለማስለቀቅ ብላችሁ በእሳት እንዳትነኩት! ነፋሱ ቢወጣም እንኳ ጎማው ከውስጥ ግሎ ሊፈነዳ ይችላል። ባለ ቀለበት ቸርኬ (ጎማውን በተነቃይ የብረት ቀለበት የሚይዝ) ከሆነ ደግሞ አንድም ዳዶ ከመፍታታችሁ በፊት የጥንዱን የሁለቱንም ጎማ ነፋስ ጨርሳችሁ አስወጡ። ያ ቀለበት በነፋስ ግፊት ከተፈናጠረ ሰው ይገድላል።

«ከአንዱ ቡሎን ቀዳዳ የዝገት መስመር ወደ ታች ይወርዳል። በስቱኮ ሞልቼ ልቀባው?» ከኮምቦልቻ

እባክዎ እንዳያደርጉት። ያ መስመር ወይ ዳዶው ላልቷል፣ ወይ ቸርኬው ተሰንጥቋል ማለት ሊሆን ይችላል። አንድ ጎሚስታ ቤት ያየሁት አይረሳኝም። ጥቁር ቀለሙ የሚያብረቀርቅ፣ አዲስ የሚመስል ቸርኬ ነበር። ልጁ በሽቦ ብሩሽ ሲፈትገው ፀጉር የምታክል መስመር ከአንዱ ቀዳዳ ተነሥታ ሁለተኛው ቀዳዳ ድረስ ሄዳለች። ባለቤቱ ተቀብቶ ነበር የገዛው። ሙሉ ጭነት ተሸክሞ ቁልቁለት ይወርድበት እንደነበር ሳስብ ዛሬም ይዘገንነኛል።

ቤት ውስጥ መፈተሽ ይቻላል። የቀዳዳዎቹን ዙሪያ እስከ ብረቱ አጽዱ፣ ነጭ ጋዝ ቀቡና ጥቂት ቆይታችሁ በደረቅ ጨርቅ ጥርግ አድርጉት። ከዚያ የጠመኔ ዱቄት ነስንሱበት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ጋዝ ቀስ ብሎ ይወጣና ነጩ ዱቄት ላይ ጠቆር ያለ መስመር ይሠራል። ይህ ከታየ ቸርኬው አበቃለት። አይበየድም፣ ለሌላ ሰውም አይሸጥም። ምንም ባይታይ እንኳ ከተጠራጠሩ ባለሙያ ይየው። ዝገት በልቶ ያሳሳውን ቸርኬም እንደዚሁ ጣሉት። ስቱኮ ለበርና ለኮፈን ነው፤ ጭነት የሚሸከም ብረት ላይ ቦታ የለውም።

«ዴንቨር ትራክ እነዳለሁ። የአልሙኒየም ቸርኬዬ በክረምት ነጭ ነጭ ሆኖ ተበላብኝ። ምን ልቀባው?» ከኮሎራዶ

ያ ነጭ ነገር የአልሙኒየም ዝገት ነው፤ መንገዱ ላይ ለበረዶ የሚረጨው ማግኒዚየም ክሎራይድ ያመጣው ይመስለኛል። ልባስ የሌለው ቸርኬ ከሆነ ቀለም አያስፈልገውም። በውሃ እያራስክ በ400፣ በ600፣ ከዚያም እስከ 1500 ቁጥር ወረቀት አልፋው፣ በመጨረሻ በብረት ማብረቂያ ወልውለው። ኮስቲክ ሶዳ አታስጠጋው፤ አልሙኒየም ይበላል። የብረት ሽቦ ብሩሽም ተው፤ የብረት ብናኝ ይተውበትና ቆሻሻ ምልክት ያወጣል። በረዶ በጣለ ቁጥር በንጹህ ውሃ ማጠብ ከሁሉም ይበልጣል።

«ዳዶው የሚቀመጥበትንም ልቀባ?» ከሐዋሳ

አይቀባም። ዳዶው የሚያርፍበትንና ቸርኬው ከመኪናው ጋር የሚገጥምበትን ፊት በፕላስተር ሸፍነው ሌላውን ይቀቡ። እዚያ ላይ የተከመረ ቀለም መኪናው ሲሄድ ይደቅና ዳዶው ይላላል። የቡሎኑንም ጥርስ ቀለም አይንካው። መልሰው ሲገጥሙ ዳዶዎቹን ፊት ለፊት እያሻገሩ፣ የመኪናው መጽሐፍ በሚያዘው ልክ ያጥብቁ። ከ80 እስከ 160 ኪሎ ሜትር ከሄዱ በኋላ ቆም ይበሉና እያንዳንዱን ዳዶ እንደገና በቁልፍ ይፈትሹ።